ብቻዋን ስለምትኖር ሴት እንዴት እንጻፍ?

“ለምን አላገባሽም?” የሚለውን ጥያቄ ከማስታወሻ ደብተርሽ ሰርዢው። ስለ ላጤ ሴቶች ሕይወት መጻፍ ከፈለግሽ ሥራው ከዚህ ይጀምራል። ሴትየዋ ይህን ጥያቄ ለአክስቷ፣ ለአለቃዋ፣ ለራይድ ሹፌሩ፣ ለንስሐ አባቷ ሳይቀር መልሳዋለች። መልሱ አፏ ላይ ነው ያለው። “እግዜር ያለው ቀን” ትልሽና ዝም ትላለች። ከዚያ ወዲያ አንቺም የምትጽፊው አይኖርሽም።

እኔ ቀን ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታና ቅዳሜ እጽፋለሁ። መጀመሪያ በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ፣ በኋላ ለሬዲዮ፣ አሁን ደግሞ ለመጽሐፍ። የምጽፈው አዲስ አበባ ውስጥና ከዚያም ውጭ ብቻቸውን ስለሚኖሩ ሴቶች ነው። እኔም ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን እኖራለሁ። ይህን ሥራ መሥራት የሚፈልጉ ልጆች እየደወሉ “ከየት ልጀምር?” ይሉኛል። ለእነሱ በስልክ የምነግራቸውን ነው እዚህ የማሰፍረው።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የላጤ ሴት ሕይወት እንደ መጠበቂያ ክፍል አይጻፍ። ሴትየዋ አሁን፣ ዛሬ፣ እየኖረች ነው። ኪራይ ትከፍላለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ሰው ታስታምማለች። ጽሑፉ ይህን ካሳየ የቀረውን አንባቢዋ ራሷ ታገኘዋለች።

ቤቷን ጠይቂያት

እኔ ሁልጊዜ በቁልፍ እጀምራለሁ። “ትርፉ ቁልፍሽ ማን ጋ ነው?” እላለሁ። ቀላል ጥያቄ ነው፤ ማንም አይደነግጥበትም። መልሱ ግን ሌሊት ቢያማት በሩን ከፍቶ የሚገባው ማን እንደሆነ ይነግርሻል። ማንን እንደምታምን፣ ማንን ደግሞ እንደምትሸሽ ይነግርሻል። ሳሪስ የምትኖር አንዲት ነርስ ቁልፏን ያስቀመጠችው ሕንጻው ሥር ያለው ባለሱቅ ጋ ነበር። እህቷ እዚያው ከተማ እያለች። ለምን ስላት፣ “እህቴ ጋ ካስቀመጥኩት ሳትደውል ትመጣለች” አለችኝ። ስለ እሷ የጻፍኩት ሙሉ ጽሑፍ ከዚህች መልስ ነው የተነሣው።

ቀጥሎ በዓልን ጠይቂ። የፋሲካ ዋዜማ ዶሮውን ማን ያርድልሻል? በእኛ ልማድ የሚያርደው ወንድ ነው። ብቻዋን የምትኖር ሴት ዶሮዋን ይዛ ሰው ፍለጋ ትወጣለች። የጎረቤት ልጅ አለ፣ የግቢው ጥበቃ አለ፣ ለማረድ በየሰፈሩ የሚዞሩ ልጆች አሉ። የታረደ የምትገዛም አለች። ራሷ የምታርድም አለች፤ ይህችኛዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምትነግርሽ። ከዚያ ቀጥዪ። 12ቱን ብልት አውጥታ ለራሷ ብቻ ትሠራለች? ወይስ ሽንኩርቱን ከትፋ እናቷ ቤት ትሄዳለች? ቅርጫ ትገባለች? ግማሽ መደብ ከሆነ የሚደርሳት፣ ሌላውን ግማሽ ማን ወሰደ? ስለ ብቸኝነት በቀጥታ ብትጠይቂያት “ኧረ ደህና ነኝ” ትልሻለች። ስለ ቅርጫው ስትጠይቂያት ግን የሰፈሩን ሰው ሁሉ ታስተዋውቅሻለች።

ዕድርን አትርሺ። “በማን ስም ነው ያለሽው?” ብለሽ ጠይቂ። ብዙዎቹ አርባ ዓመት ሞልቷቸውም በአባታቸው ስም ነው የሚገኙት። አባት ሲያርፍ ጥያቄው አፍጥጦ ይመጣል። አንዲት የማውቃት መምህርት በምትኖርበት ብሎክ ዕድር በራሷ ስም ለመመዝገብ ሄደች። ጸሐፊው ቅጹን ሰጣት። “የትዳር ጓደኛ” የሚለው መስመር ላይ እናቷን ጻፈች። ጸሐፊው አየውና ምንም ሳይል ማኅተም መታበት። ይህን የነገረችኝ ቡና እየጠጣን ነው፣ መቅረጫውን ካጠፋሁ በኋላ። አስፈቅጄ ነው የጻፍኩት።

ከሁሉ የሚከብደው ገንዘብ ነው። ግን ጠይቂ። ደመወዝ ሲገባ መጀመሪያ የሚወጣው ለማን ነው? እዚህ ላይ የማገኘው ታሪክ ልብ ይነካል። ቤተሰብ ውስጥ ችግር ሲመጣ ሁሉም ዓይኑን ወደ ላጤዋ ልጅ ያዞራል። “አንቺ ምን አለብሽ፣ ልጅ የለሽ፣ ባል የለሽ” ይሏታል። የእናት መድኃኒት በእሷ ነው። የታናሽ ወንድም የኮሌጅ ክፍያ በእሷ ነው። የአጎት ልጅ ሠርግ ላይ ድርሻዋ ከሌሎቹ ከፍ ይላል። እናቷ ሆስፒታል ስትተኛ ሌሊት የምታድረውም እሷ ናት፤ ሌሎቹ “ልጆች አሉብን” ብለው ይሄዳሉ። ስለዚህ ዕቁቧን ጠይቂ። ስንት ትጥላለች፣ ዕጣው ሲወጣላት ምን አደረገችበት? ዕቁብ የወጣላት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሷ የገዛችው ዕቃ ምን እንደሆነ ጠይቂ። ፍሪጅ ሊሆን ይችላል፣ ጥሩ ፍራሽ ሊሆን ይችላል። ስትነግርሽ ፊቷን እይ፤ ያንን ጻፊ።

ስለ ቃለ ምልልሱ አካሄድ ጥቂት ልበል። ቤቷ ከጋበዘችሽ ሂጂ፤ ከዚያ የሚሻል ቦታ የለም። ባዶ እጅሽን ግን አትሂጂ፤ ቡናና ስኳር ወይም ፍራፍሬ ያዢ። ካልጋበዘችሽ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ካፌ ይበቃል። መሥሪያ ቤቷ አትሂጂ። በዕድሜ ከምትበልጥሽ ጋር “እርስዎ” ብለሽ ጀምሪ፣ “እትዬ” በያት፤ “አንቺ በይኝ” እስክትልሽ ድረስ። ብዙዎቹ በሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ይሉሻል። ጥሩው ወሬም ያኔ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በአንድ ቀጠሮ ጽሑፍ አልጨርስም።

አንድ ዓይነት ሴት ብቻ አትሰብስቢ

ላጤ ሴት ስንል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ቦሌ አካባቢ የምትኖር፣ ዲግሪ ያላት፣ ጥሩ ደመወዝ የምታገኝ ሴትን ነው። እሷም ትጻፍ። ግን ስለ እሷ ብቻ ከጻፍሽ ነገሩ ከውጭ የመጣ ፋሽን ይመስላል። አይደለም። በአዲስ አበባ የድሮ ሰፈሮች ውስጥ ጠላ ጠምቀው፣ አረቄ አውጥተው፣ እንጀራ ሸጠው፣ ቤታቸውን በራሳቸው ያቆሙ ሴቶች ዛሬ የተፈጠሩ አይደሉም። አያቶቻችን ናቸው።

ከቤይሩት ወይም ከጅዳ የተመለሱትን ፈልጊ። ለዓመታት ገንዘብ ልከው የቤተሰብ ቤት አሠርተዋል። ሲመለሱ ቤቱ ውስጥ ወንድም ሚስቱን ይዞ ገብቷል። እነሱ ለብቻቸው ክፍል ይከራያሉ። ባሏን ፈታ ልጆቿን ያሳደገችውን ፈልጊ። ባል የሞተባትንና ሁለተኛ አላገባም ያለችውን ፈልጊ። ልጆቿን ድራ ቆብ የደፋችውን፣ በራሷ ቤት የምትኖር መነኩሲት ፈልጊ። እትዬ ብዬ የማከብራቸው አንድ እናት ከመነኮሱ በኋላ “አሁን ገና ቀኑ የራሴ ሆነ” ያሉኝን ሁሌ አስታውሳለሁ።

ሐዋሳም ሄጃለሁ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ ወጣት ሴቶችን ከገጠር ወደ ከተማ አምጥቷል። ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ደባሎች ናቸው። ክፍያው ትንሽ ነው፤ ኪራዩና ምግቡ ይበላዋል። ያም ሆኖ ከመካከላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ የባንክ ደብተር ያወጣች ልጅ አለች። ብቻዋን አትኖርም፤ ግን ኑሮዋን የምትመራው ራሷ ናት። እሷን ከርዕሰ ጉዳይሽ ውጭ አታድርጊ። ስትጽፊ ግን የክፍያውን ማነስ አትዝለይው። ነጻነቷም ድካሟም አንድ ጽሑፍ ውስጥ ይግቡ።

ሕጉንና ቁጥሩን እወቂ

ይህ ክፍል አሰልቺ ይመስላል። ለእኔ ግን የሥራው አከርካሪ ነው። ሴቶቹ ሲያወሩሽ በየመሐሉ ወረዳ፣ ፍርድ ቤት፣ ባንክ ይገባል። ካላወቅሽ ዋናው ነገር ያመልጥሻል።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ የወጣው በ1992 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ይሠራል፤ ብዙዎቹ ክልሎች ደግሞ የየራሳቸውን አውጥተዋል። የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም ጾታ 18 አድርጎታል። ለእኛ ሥራ በጣም የሚጠቅመው አንቀጽ 102 ነው። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎች ግንኙነቱ ከ3 ዓመት ካላነሰ፣ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ ይሆናል። “ላጤ ነኝ” ካለችሽ ሴቶች መካከል በሕግ ዓይን ሌላ ቦታ ላይ ያለች ልትኖር ትችላለች። ይህን ለመንገር አንቺ ጠበቃ አይደለሽም። ግን ወደ ጠበቃ መላክ ትችያለሽ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አድራሻ ስልክሽ ውስጥ ያዢ፤ አንድ ቀን ያስፈልግሻል።

የቤት ኪራይ ነገር በየጽሑፉ ይመጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። አከራይ “የስድስት ወር ቅድሚያ አምጪ” ሲላት ይህን የምታውቅ ሴትና የማታውቅ ሴት አንድ አይደሉም። “እንግዳ አይገባም፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ በር ይዘጋል” የሚለው ደግሞ ውሉ ላይ የማይጻፍ፣ በቃል የሚነገር ነው። ያንን ከአከራይዋ አንደበት እንደወጣ አስቀምጪው።

ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ሲያዝ ቆይቷል። የራሳቸው ቤት ያላቸው ብዙ ላጤ ሴቶች የደረሱት በዚህ ነው። ቤቱን ልትሸጥ ስትፈልግ ግን “ያላገባ” ማስረጃ አምጪ ትባላለች። ወረዳ ሄዳ አለማግባቷን የሚያረጋግጥ ወረቀት ታወጣለች። አብሬያት እንድሄድ የፈቀደችልኝ ሴት ነበረች። ሰልፉን፣ የመስኮቱን ጥያቄ፣ ወረቀቱን ተቀብላ ስታነበው የነበረውን ሁሉ ጻፍኩ። ከጻፍኳቸው ሁሉ ብዙ አንባቢ ያገኘው እሱ ነው። አንቺም አንድ ቀን ከአንዷ ጋር ወረዳ ሂጂ።

ቁጥር ስትጠቅሺ ደግሞ ሰውን የሚያስረዳ ቁጥር ምረጪ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው፣ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 የሆነ ሴቶች መጀመሪያ ያገቡበት አማካይ ዕድሜ 17 ዓመት ግድም ነበር። አገሪቱ እንዲህ ስትሆን፣ የ30 ዓመት ሴት አገሯ ስትሄድ ለምን እንደምትታይ ይገባሻል። ያው ጥናት ከአራት አባወራ አንዱ ያህል በሴት የሚመራ መሆኑንም አሳይቷል። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው።

ስሟን መቀየር አይበቃም

አዲስ አበባ ሰፊ ትመስላለች እንጂ ሰው ለሰው ይተዋወቃል። ስሟን “ሰላም” ብለሽ ቀይረሽ፣ ሳሪስ የምትኖር፣ የሦስት ወንድሞች እህት፣ የጥርስ ሐኪም ካልሽ የሥራ ባልደረቦቿ በግማሽ ደቂቃ ያውቋታል። እዚህ የጠቀስኳቸውንም ሴቶች ሰፈራቸውን ወይም ሙያቸውን ቀይሬያለሁ። የትውልድ ቦታ፣ ሙያ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፤ ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ ይቀየሩ። የማይቀየረው የተናገረችውና ያደረገችው ነው። ከመታተሙ በፊት ጽሑፉን አንብቢላት። በስልክም ቢሆን። “ይህችን አውጪልኝ” ካለችሽ አውጪ። የሰው ሕይወት ነው፤ ጋዜጣው ነገ ሌላ ነገር ያትማል፣ እሷ ግን ከሰፈሯ ጋር ነው የምትኖረው።

ፎቶ አልጠቀምም። ከጀርባ የተነሣ እንኳን ቢሆን በቀሚሷ የሚለያት አይጠፋም።

ክፍያና ስም

እውነቱን ልንገርሽ፤ በዚህ ዓምድ ብቻ አትኖሪም። ቋሚ ሥራሽን አትልቀቂ። ጋዜጣ የሚከፍለው ትንሽ ነው፣ ሬዲዮ የተሻለ ነው፣ ዩቲዩብ ደግሞ ቢከፍልም ርዕስሽን ያጣምምብሻል። የውበት ዕቃ አስተዋዋቂዎች ይመጣሉ። እኔ አልቀበልም፤ ስለ ሴት ኪራይ ከጻፍኩ በኋላ ቆዳ የሚያነጣ ክሬም ሥር ስሜ እንዲወጣ አልፈልግም።

ከዝግጅት ክፍል ጋር ስትስማሚ ስለ ርዕስም ተስማሚ፣ በጽሑፍ። አንድ ዝግጅት ክፍል “ትርፍ ቁልፍ” ብዬ የሰጠሁትን ጽሑፍ “ቆመው የቀሩ እህቶቻችን ምን ይላሉ?” ብሎ አወጣው። ሴቶቹ እያለቀሱ ደወሉልኝ። ምንም ያልበደሉ፣ ቤታቸውን የከፈቱልኝ ሴቶች። ያን ቀን ተናድጄ አዋጁን ገልጬ አነበብኩ። የ1996ቱ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ሥራሽ እንዳይዛባ የመቃወም መብት ይሰጥሻል። በብዕር ስም የመጻፍ መብትም አለሽ። ጥበቃው ጽሑፉ ከተጻፈበት ጊዜ ይጀምራል፤ አንቺ በሕይወት እስካለሽና ከዚያም በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። አሁን ለማንም ከመስጠቴ በፊት “ርዕሱ ያለ እኔ ፈቃድ አይቀየርም” የሚል መስመር አስፈርማለሁ። ያልፈረመ የለም።

መጽሐፍ ማሳተም ስታስቢ፣ ዓምዶችሽን ሰብስበሽ ብቻ አታውጪ። ወደ ሴቶቹ ተመለሺ፣ ምን እንደተለወጠ ጠይቂ። የመጽሐፉን መለያ ቁጥር ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ከወመዘክር ታወጫለሽ። ማተሚያ ቤቱ አብዛኛውን ገንዘብ በቅድሚያ ይፈልጋል፤ የወረቀት ዋጋም በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ዋጋውን የሚያረጋግጥ ወረቀት ያዢ። አከፋፋዩና መደብሩ ከሽፋኑ ዋጋ ላይ የሚወስዱትን ቀድመሽ አስይ። እኔ ለኅትመቱ ዕቁቤን ነው የመደብኩት።

ስለ ቤተሰብሽ

ስለ ላጤ ሴት የጻፍሽ ቀን ሁሉም ስለ ራስሽ እንደጻፍሽ ያስባል። እናቴ ደሴ ነው የምትኖረው። የመጀመሪያዎቹን ጽሑፎች ጎረቤት አነበበላት። ደውላ “ልጄ፣ ያቺ ትርፍ ቁልፍ የምትያት አንቺ ነሽ እንዴ?” አለችኝ። “አይደለሁም እማዬ” አልኳት። “ታዲያ ያንቺ ማን ጋ ነው?” አለች። ታች ካሉት እትዬ ጋ መሆኑን ስነግራት፣ ስልካቸውን ጠየቀችኝ። አሁን በየሳምንቱ ይደዋወላሉ። ከእናቴ ጋር ስምምነት አለን፤ ስለ እሷ ከመጻፌ በፊት አነብላታለሁ። ይህንንም አንብቤላታለሁ።

ስታገባስ?

ከጻፍሽላቸው ሴቶች አንዳንዶቹ ያገባሉ። አንባቢም “ይኸው አገባች!” ብሎ ይጽፍልሻል፣ ታሪኩ ያለቀ ይመስል። አንቺ ተከታተያት። ያ ወረዳ አብሬያት የሄድኩት ሴት ቤቱን ሳትሸጥ ቀረች፤ ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ልታገባ መሆኑን ነገረችኝ። ያስጨነቃት የኮንዶሚኒየሙ ነገር ነው። የቤተሰብ ሕጉን አንቀጽ 57 አብረን አነበብን። በጋብቻው ቀን የነበራት ንብረት የግሏ ሆኖ ይቀጥላል። አንቀጽ 62 ደግሞ ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢ የጋራ ነው ይላል። ስለዚህ ቤቱ የእሷ፣ የቤቱ ኪራይ የሁለቱ ይሆናል ማለት ነው፣ በጋብቻ ውል ሌላ ካልተስማሙ በቀር።

ጠበቃ አማከረች፣ ከእጮኛዋ ጋር ተነጋገረች፣ ውሉን ተፈራረሙ። ኪራዩ ለእናቷ መድኃኒት እንዲውል ነው የተስማሙት። ይህን ሁሉ ከሠርጉ በፊት ባለው ሳምንት እንድጽፈው ፈቀደችልኝ። እጮኛዋም አንብቦ ሁለት ቦታ አረመኝ። እርማቱ ልክ ነበር፤ ተቀበልኩት።